ትራውትን በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድና የወቅቶች መፈራረቅ

በደቡብ እንግሊዝ በሚገኘው የቴስት ወንዝ ትራውት የተባለው ዓሣ ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ መሰል መንጠቆ ይጠመዳል። መንጠቆው የሚመረጠው ዓሣው በየወቅቱ የሚመገበውን ሦስት አጽቄ በመከተል ነው። በግንቦት፣ ሁለት ዓመት ገደማ በደለል ውስጥ ያደጉት የሜይፍላይ ዕጮች ክንፍ አውጥተው ስለሚበሩ ተንሳፋፊው መንጠቆ ይመረጣል። በጠቅላላው ሲታይ ግን ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው ገጽ በታች ነው፤ ፍሬደሪክ ሃልፎርድ በተንሳፋፊው ብቻ ቢጸናም፣ ስኩስ በ1910 እ.ኤ.አ. ስለ ሰጣሚው መንጠቆ ያቀረበው ክርክር ለሥነ ሕይወቱ የቀረበ ይመስለኛል።

ሙቀት ሲያይል ችግሩ ሌላ ነው። በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ ወደ 9 ይወርዳል፤ የዓሣው ፍላጎት ግን ይጨምራል። ታግሎ የደከመ ዓሣ ቢለቀቅም ሊሞት ስለሚችል፣ ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ሲቃረብ ማጥመዱን ማቆም ይገባል።