ከብዙ ዘመን በኋላ የሚደረግ ስም ጥሪ

አንባቢ ሆይ፤ ተማሪ ከሆንህ ጧት ጧት ስምህ ሲጠራ «አቤት!» ብለህ ትቀመጣለህ። ከአንተ በፊት የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ከአንተ ቀጥሎም የሚነሣው ማን እንደሆነ ሳታስበው በቃልህ ታውቀዋለህ። ትምህርትህን ጨርሰህ በአንድ መሥሪያ ቤት የጀማሪ ጸሐፊነት ወንበር ይዘህም እንደሆነ፣ ያ የስም ዝርዝር ገና ከጆሮህ አልጠፋም። እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያው ዝርዝር ከሠላሳ ወይም ከአርባ ዓመት በኋላ በአንድ አዳራሽ ውስጥ እንደገና ቢነበብ፣ «አቤት» የሚለው ስንቱ ነው? ዝም ካሉትስ መካከል «እርሱ እንዲህ ሆነ» ብሎ የሚመልስላቸው ሰው የሚገኝላቸው ስንቶቹ ናቸው?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ለጨዋታ ያህል አይደለም። የቀድሞ ተማሪዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ተፈላልገው መገናኘት በአገራችን የታወቀ ነገር ሆኗል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም.፣ የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1935 ዓ.ም. ተከፍተዋል። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች በአንድ አዳሪ ቤት አብረው እያደሩ፣ ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ በአንድ መብራት እያጠኑ አድገዋል። የጎጃሙና የሐረርጌው፣ የትግሬውና የከፋው ልጅ በቤተ ዘመድ ሳይሆን በክፍል ወንድማማች የሆኑት በዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሸምግለው ሲገናኙ የሚሰማው ወሬ የጥቂት ሰዎች ወሬ ብቻ ሳይሆን የአገርም ታሪክ ነው።

በስብሰባው ላይ የሚሆነው

እንዲህ ያለውን ስብሰባ ያየ ሰው የሚያውቀው አንድ ሥርዓት አለ። በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም የሚተያየው በጎሪጥ ነው። ያ የክፍሉ አንደኛ ምን ደረሰ? ያ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ወንበር የማይጠፋው እንዴት ይህን የመሰለ መኪና ገዛ? ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ በጡረታ ላይ ያለው ወይም ኑሮ ያልቀናው ግን ወደ ግድግዳው ጠጋ ይላል። ሌላው ቀርቶ የሂሳብ መምህሩ የማን ጆሮ ይቆነጥጡ እንደ ነበር ለመጫወት እንኳ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል።

ምግቡ ከቀረበ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለ ሹመት የተጀመረው ወሬ ስለ ልጆች፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ መነጽር ይሆናል። የጥንቱ ቅጽል ስም ይነሣና ዋና ሥራ አስኪያጁም በዚያው ስም ሲጠራ እንደ ሕፃን ይስቃል። ከዚያም አንዱ ድንገት «እገሌስ?» ይላል። ያን ጊዜ ሳቁ ይቆማል። የማዕረጉ፣ የመኪናውና የቤቱ ወሬ ሁሉ ከዚህች «እገሌስ?» ከምትባል ቃል ፊት ክብደት የለውም። የስብሰባው እውነተኛ ሥራ የሚጀመረውም በዚህ ሰዓት ነው።

የ1967ቱ ክፍል

ይህች ጥያቄ እጅግ የምትከብደው በአንድ ትውልድ ላይ ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በ1967 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ሆነው፣ በጠቅላላው ስድሳ ሺሕ ገደማ፣ ለእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደየገጠሩ ተሰማሩ። ዘመቻው በይፋ የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚሆንበት ዐዋጅ ወጣ፤ ትናንት በክፍል ውስጥ ጂኦግራፊ ያጠና የነበረው ልጅ ዛሬ ለገበሬው ዐዋጁን የሚያስረዳና ማኅበር የሚያደራጅ ሆነ። ብዙዎቹ ከተማ ተወልደው ከተማ ያደጉ ስለ ነበሩ፣ የአገራቸውን ገበሬ ጎጆ ከውስጥ ያዩት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከዘመቻው ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው የተለመደው ደወል አልነበረም። በአንድ መቀመጫ ላይ አብረው የተቀመጡ ልጆች አንዱ በኢሕአፓ፣ ሌላው በመኢሶን ተሰልፎ ተገኘ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነጭና በቀይ ሽብር ስንቱ ወጣት እንደ ወጣ ቀረ። ሌላው በረሃ ገባ፤ ሌላው በሱዳን በኩል ተሰደደና ኑሮውን በአሜሪካና በአውሮፓ አደረገ፤ ሌላው ዝም ብሎ ሥራውን እየሠራ ልጆቹን አሳደገ። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው በግድግዳው ላይ በረድፍ በረድፍ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች አይረሳም። ዓይናቸውን ወደ ካሜራው ቀና ያደረጉ ልጆች ናቸው፤ የአንድ ትምህርት ቤት የምረቃ ሥዕል ይመስላሉ።

የዚያ ዘመን የክፍል ጓደኞች ዛሬ ሰባ ዓመት የተቃረባቸው ወይም ያለፋቸው ናቸው። ሲገናኙ በሁለት ተቃራኒ ወገን የነበሩት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ከባድ ነው። ነገር ግን ያን ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሚያስታውሰው ሌላ ሰው የለም። እናቱ ሞታለች፤ ሰፈሩ ፈርሷል፤ ትምህርት ቤቱም ስሙ ተለውጧል። ስለዚህ የሞተው ጓደኛ የነበረበትን ዓለም የሚያውቁት፣ የተጣሉትም ቢሆኑ፣ እነዚያው የክፍሉ ልጆች ብቻ ናቸው። ይህን የተረዱ ሰዎች ብዙ ነገር ይቅር ሲባባሉ ይታያል።

ወደ ዱስ እንውረድ

የከተማው ሰው አብሮ አደጉን የሚያገኘው በዕድል ነው። ስልኩ ቢገኝ፣ ጠሪ ቢኖር፣ ቀኑ ቢመች ይገናኛል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ የእኩያ ነገር ለዕድል ያልተተወበት አገርም በኢትዮጵያ አለና እስቲ ወደዚያ እንሂድ።

ከአዲስ አበባ ተነሥተህ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዝ ጂንካ ትደርሳለህ። ጂንካ ነፋሻ የደጋ ጠርዝ ከተማ ናት፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳዋ ለብዙ ዘመን በከተማዋ መካከል የተዘረጋ ሣር ነበር። ከዚያ ወደ ቆላው ስትወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ግራሩ እየበዛ ይሄድና የኦሞ ወንዝ ይታያል። በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ካሉት የካራ ሕዝብ መንደሮች ዋነኛይቱ ዱስ ናት። ካራዎች ቁጥራቸው ከጥቂት ሺሕ የማይበልጥ፣ በአገራችን ካሉት ሕዝቦች እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ሐመሮች፣ ኛንጋቶሞችና ሙርሲዎች ናቸው። ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው ለም አፈር ላይ ማሽላ ይዘራሉ፤ ፍየልና ከብትም ያረባሉ። ሰውነታቸውን በነጭ አፈር የሚያስጌጡበት ጥበብ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ከዓለም ዳርቻ ያመጣል።

ፎቶግራፍ አንሺው የማያነሣው ግን አንድ ቁም ነገር አለ። በካራም፣ በሐመርም፣ በበናም ወጣቱ ለአካለ መጠን መድረሱን የሚያስመሰክረው ጎን ለጎን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሳይወድቅ ደጋግሞ በመሮጥ ነው። ይህን ሳይፈጽም ሚስት ማግባትም ሆነ ከአዋቂዎች መቆጠር የለም። በእኛ አነጋገር ፈተናውም፣ ምረቃውም ይህ ነው።

አሁን ልብ በል። ከብቶቹ እንዳይፈራገጡ የሚይዛቸው ማነው? በሐመር ይህን የሚያደርጉት ከጥቂት ጊዜ በፊት ራሳቸው ዘለው ያለፉ፣ ገና ያላገቡ ወጣቶች ናቸው። ማዝ ይባላሉ። ከአንዱ ዝላይ ወደ ሌላው ዝላይ አብረው እየሄዱ፣ አብረው እየበሉ፣ ለሚቀጥለው ልጅ የከብቱን ቀንድና ጅራት ይይዛሉ። እነርሱ ያለፉት ሌሎች ስለ ያዙላቸው ነውና ተራቸው ሲደርስ እነርሱ ደግሞ ይይዛሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ኛንጋቶሞችም ትውልዶቻቸውን ዝሆን፣ ሰጎን፣ ጎሽ እያሉ በእንስሳት ስም ይጠራሉ፤ ሰው የየትኛው ትውልድ እንደሆነ ሳይታወቅ ቦታው አይታወቅም።

እንግዲህ የእኛን ስብሰባ ከዚህ ጋር አስተያየው። እኛ ከተመረቅን በኋላ የምንገናኘው ያለፈውን ለማስታወስ ነው። እነዚያ ግን አብረው የሚቆዩት የሚመጣውን ለማሳለፍ ነው።

ከካራ ወጥቶ የተማረ ልጅ

በታችኛው ኦሞ ዘመናዊ ትምህርት የገባው ዘግይቶ ነው። ከካራ ልጆች መጀመሪያ የተማሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እንዲህ ያለው ልጅ ትምህርት ፍለጋ ወደ ጂንካ ሲወጣ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል፤ አማርኛ ለእርሱ አዲስ ቋንቋ ነው፤ በክፍል ውስጥ የእርሱን ቋንቋ የሚናገር ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል። መንደሩ ያሉት እኩዮቹ ከብት ሲጠብቁ እርሱ ፊደል ይቆጥራል። ሲመለስም ከወዲያም ከወዲህም እንግዳ ነው።

ከእነዚህ ቀደምት ተማሪዎች አንዱ ላሌ ላቡኮ ነው። በካራ ጥንታዊ ልማድ፣ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የወጣ ሕፃን፣ መንታ ሆኖ የተወለደ ወይም ሥርዓቱ ሳይፈጸም የተፀነሰ ሕፃን «ሚንጊ» ይባል ነበር፤ በሕዝቡ ላይ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራም በሕይወት እንዲቆይ አይፈቀድም ነበር። ላሌ ከእርሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እኅቶቹ በዚሁ ምክንያት እንደ ጠፉ ከእናቱ ሰማ። ይህ ልጅ ትምህርቱን ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ወንበር ቢፈልግ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን ወደ ሕዝቡ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹን አልሰደበም፤ ተቀምጦ ለዓመታት አነጋገራቸው። ከሠላሳ የሚበልጡ ሕፃናት ከሞት ተርፈው በጂንካ በተከፈተላቸው ቤት እንዲያድጉ አደረገ። በመጨረሻም በ2004 ዓ.ም. ክረምት የካራ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር ወሰኑ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሰው ምን አደረገ ትላለህ? ለሚቀጥለው ልጅ ከብቱን ያዘለት። ከአባቶቹ የወረሰውን የእኩያ ዕዳ ከትምህርት ቤት ባገኘው ዕውቀት ከፈለው።

ዛሬ በዚያ አገር ነገሩ ሁሉ በፍጥነት ይለወጣል። የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኦሞ የዓመት ሙላት እንደ ጥንቱ አይደለም፤ በወንዙ ዳር ማሽላ ይዘራ የነበረው ሰው ሌላ መላ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። በጂንካ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ የዚያ አገር ልጅ ከመንደሩ እኩዮች ሌላ አሁን የክፍል እኩዮችም አሉት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚህ ሲገናኙ የሚጠያየቁት ስለ ደመወዝ ብቻ ከሆነ ብዙ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው።

ዛሬውኑ ምን ይደረግ?

እርግጥ አንተ ገና ወጣት ነህ፤ የጡረታ ዘመን ወሬ ምን ያደርግልኛል ትል ይሆናል። ነገር ግን ከብዙ ዘመን በኋላ የሚደረገው ስም ጥሪ የሚዘጋጀው ዛሬ ነው። በመጀመሪያ የክፍልህን ልጆች ሙሉ ስም፣ ከነአባታቸውና ከነትውልድ አገራቸው፣ በአንድ ደብተር ጻፍ። ስልክ ይጠፋል፣ ቁጥር ይለወጣል፤ ደብተር ግን በሣጥን ውስጥ ይቆያል። ሁለተኛም፣ ትምህርቱን አቋርጦ የሄደውን ልጅ ስም ከዝርዝሩ አትሰርዝ። ከተመረቁት ይልቅ «እገሌስ?» የሚባልለት እርሱ ነውና፣ ያለበትን የምታውቀው ከሆነ ዛሬ ጠይቀው።

ደመወዝተኛ ከሆንህ ደግሞ ከክፍል ጓደኞችህ ጋር በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር አዋጡ። ከቆላ መጥቶ የቤት ኪራይ ያጣ አንድ ተማሪ በየከተማው አይጠፋም፤ ደብተሩንና ኪራዩን ብትችሉለት ያ ልጅ ያልፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። ከእናንተ አንዱ ብቻውን ቢሞክረው ይከብደዋል፤ አንድ ክፍል ሙሉ ሆኖ ቢያደርገው ግን ከወር ሻይ ዋጋ አይበልጥም።

ከዚያም ቀኑ ደርሶ ፀጉራችሁ ሸብቶ በተሰበሰባችሁ ጊዜ፣ ስሞቹ ሲነበቡ የሞተውን የሚያስታውስ፣ የራቀውን የሚያውቅ፣ የወደቀውን ያነሣ ሰው ይገኝላችኋል። ምናልባትም ከበሩ አጠገብ ከዝርዝራችሁ ውስጥ የሌለ አንድ ወጣት ቆሞ ይሆናል፤ እናንተ ያሳለፋችሁት ልጅ ነው። እርሱንም ወንበር ስጡት፤ የሚቀጥለውን የሚይዘው እርሱ ነውና።