አደይ አበባና የካሜራ ዐይን

የክረምቱ ጭጋግ ተገፎ መስከረም ሲጠባ የደጋው መስክ በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል። በእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆችም በቀለም ያጌጠ የአበባ ሥዕል ለጎረቤት ሲያበረክቱ፣ ከመስክ የተቀጠፈችው አደይ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሆና በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ዕድሜዋ ግን አጭር ነው። ከተቀጠፈች ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅጠሎቿ ይጠወልጋሉ፤ ጥቂት ሳምንታት ካለፉም በኋላ ከመስኩ ትጠፋለች። ስለዚህ መልኳን በፎቶግራፍ ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው ያለው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ካልተሳካለት እስከሚቀጥለው መስከረም መጠበቅ ይኖርበታል።

ብዙውን ጊዜም አይሳካም። አበባዋን ቀረብ ብሎ ለሚመለከታት ሰው በእያንዳንዱ ቅጠሏ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጉ ስስ መስመሮች ይታያሉ። በፎቶግራፉ ላይ ግን መስመሮቹ ጠፍተው፣ የእንቁላል አስኳል የፈሰሰበት የሚመስል ቢጫ ቦታ ብቻ ይቀራል። ፎቶግራፍ አንሺውም ጥፋቱን በካሜራው ላይ ያላክካል፤ ውድ ካሜራ ቢኖረኝ ኖሮ ይላል። ነገር ግን ውድ ካሜራም ቢሆን ያንኑ ስሕተት ይሠራል። የችግሩ ምንጭ ያለው በራሱ በቀለሙ ድምቀት ላይ ነው።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ካሜራ ቀለምን እንዴት እንደሚቀበል ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1861 የስኮትላንዱ ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ ጀምስ ክለርክ ማክስዌል አንድን ባለብዙ ቀለም ጥብጣብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ አስነሥቶ፣ ሦስቱን ምስሎች በየቀለማቸው ብርሃን አንዱን በሌላው ላይ በማሳረፍ የጥብጣቡን ቀለም ለተመልካች አሳየ። (የሚያስገርመው፣ በዚያን ጊዜ የነበረው የፎቶግራፍ ኬሚካል ቀይ ብርሃንን ከቶ የሚቀበል አልነበረም። ከ100 ዓመት በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ የጥብጣቡ ቀይ ክፍል የተመዘገበው የሰው ዐይን በማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር አማካይነት እንደነበረ ታወቀ። ካሜራና ዐይን አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።) የዛሬው ካሜራም በዚሁ መሠረት ይሠራል። በውስጡ ያሉት እጅግ ብዙ ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች እያንዳንዳቸው ከሦስቱ ቀለማት አንዱን ብቻ ይለካሉ። በአብዛኛው ከነጥቦቹ ግማሾቹ ለአረንጓዴ፣ ሩቡ ለቀይ፣ ሩቡም ለሰማያዊ የተመደቡ ናቸው፤ ይህም ድልድል ብራይስ ቤየር የተባለ የኮዳክ ኩባንያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1976 የባለመብትነት ማረጋገጫ ያገኘበት ነው።

እነዚህ ነጥቦች በጣራ ጠፈጠፍ ሥር እንደተደረደሩ ማሰሮዎች ይቆጠራሉ። ሁለት ማሰሮዎች ጢም ብለው ሞልተው ቢፈሱ፣ የትኛው ይበልጥ ዝናብ እንደተቀበለ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ቢጫ ማለት ቀይና አረንጓዴ ብርሃን በአንድነት የሚፈጥሩት ቀለም ስለሆነ፣ አደይ አበባ በምትነሣበት ጊዜ የሰማያዊው ማሰሮ ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የቀዩና የአረንጓዴው ይሞላሉ። በቅጠሉ ላይ የነበረው የብርሃንና የጥላ ልዩነት፣ ማለትም ያ ስስ መስመር፣ በፈሰሰው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ቀይ ጽጌረዳ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የቀዩ ማሰሮ ብቻውን ሞልቶ ሲፈስ ሁለቱ ገና አልተነኩም። የካሜራው መለኪያም ሦስቱን አማክሎ ስለሚገምት ብርሃኑ ያነሰ ይመስለዋል፤ ሊቀንስ ሲገባው ይጨምራል። አበባዋ ከጠቆረ ግድግዳ ፊት ለፊት የቆመች እንደሆነ ስሕተቱ ይብሳል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ለደማቅ አበባ የሚሰጠውን ብርሃን መቀነስ ነው። የብርሃኑን መጠን እንደ ልብ ማስተካከል በሚቻልበት ካሜራ፣ መለኪያው ከመረጠው በግማሽ ቀንሶ መጀመር ይበጃል። በአብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ላይ ደግሞ በመስታወቱ ላይ የምትታየውን አበባ በጣት ነክቶ፣ ከአጠገቧ ብቅ የሚለውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች መሳብ ይበቃል። በመስታወቱ ላይ ምስሉ ትንሽ የጨለመ ይመስላል፤ ሆኖም የጨለመውን በኋላ ማፍካት ሲቻል የፈሰሰውን መልሶ መቅዳት አይቻልም።

የብርሃኑ ዓይነትም ከመጠኑ ያላነሰ ዋጋ አለው። ለዚህ ሥራ ቤት ከመስክ ይመረጣል፤ ነፋስ የለም፣ ብርሃኑም በአንድ በኩል ብቻ ይገባል። በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ ወጥታ፣ በቀትር ከአናት ብዙም ሳትርቅ አልፋ፣ ወደ ምዕራብ ትወርዳለች። ስለሆነም በጧቱ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ድረስ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት የሚገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ለስላሳና ጥላው ያልከረረ ስለሆነ ለአበባ እጅግ ይስማማል። በምሥራቅ በኩል ብቻ መስኮት ያለው ቤት እንደሆነ በመስኮቱ ላይ ነጠላ ይወጠራል። የነጠላው ድርና ማግ የፀሐይዋን ጨረር በየአቅጣጫው ስለሚበትነው መስኮቱ በሙሉ አንድ ሰፊ መብራት ይሆናል። ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል አንድ ነጭ ወረቀት ማቆም ጥላ ያረፈበትን የአበባዋን ጎን ያፈካዋል። አምፖል ማጥፋት ይገባል፤ የአምፖሉና የሰማዩ ብርሃን ቀለማቸው ስለሚለያይ አንደኛው ጎን ሌላ መልክ ይይዛል። በቅርብ የሚበራ ፍላሽ ግን ለዚህ ሥራ ባይነሣ ይሻላል።

ከአበባዋ በስተጀርባ የሚሆነውን ነገር በተመለከተ ካርል ብሎስፌልት የተባለው ጀርመናዊ መምህር ጥሩ አርአያ ነው። ይህ ሰው ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ እንዲሆኑ ቡቃያዎችን፣ ግንዶችንና አበቦችን እያጎላ ያነሣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1928 የታተመው መጽሐፉም ዝነኛ አደረገው። ፎቶግራፎቹ ቀለም የሌላቸው ናቸው። ተክሉ የቆመው ምንም ባልተጻፈበትና ባልተሣለበት ገጽ ፊት ስለሆነ ዐይን ከተክሉ በቀር የሚያርፍበት የለውም። አበባ ባለበት መጋረጃ ፊት አበባ የሚያነሣ ሰው ይህን ልብ ሊል ይገባዋል።

ቀርቦ ማንሣት ሌላም ዕዳ ያመጣል። በካሜራው ውስጥ የሚያርፈው ምስል በመጠኑ ከአበባዋ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ምስሪቱን ከፊልሙ ወይም ከብርሃን ተቀባዩ ገጽ ማራቅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሚደርሰው ብርሃን ሩቅ ነገር ሲነሣ ከሚደርሰው አንድ አራተኛው ብቻ ይሆናል። ጠርቶ የሚታየውም ውፍረት እጅግ ያንሳል። 36 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ፊልም በያዘ ካሜራ፣ የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ 11 ቁጥር ላይ ተደርጎ እንኳ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ውፍረት ነው። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ቀዳዳውን እጅግ ማጥበብም መፍትሔ አይሆንም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይደክማል። ስለዚህ ምን ይጥራ የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ግድ ነው። ቅጠሎቿ የተፈለጉ እንደሆነ ካሜራው በአበባዋ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እምብርቷ የተፈለገ እንደሆነ ግን ከጎን ዝቅ ብሎ ለካሜራው ቅርብ የሆነውን ክፍል ማነጣጠር ይሻላል።

ብርሃኑ ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቆይ የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን በአጠገብ የሚያልፍ ሰው ኮቴ እንኳ ምስሉን ያበላሻል። ባለሦስት እግር ማቆሚያ የሌለው ሰው ካሜራውን በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ ያሳርፋል፤ የአበባዋን ግንድም በልብስ መቆንጠጫ ከአንድ እንጨት ጋር ያያይዛል። በሩ ይዘጋል፤ ራሱ ካሜራው ከ2 ወይም ከ10 ሴኮንድ በኋላ እንዲያነሣ ተደርጎ እጅ ይነሣለታል።

ፎቶግራፉ እንደተነሣ፣ አበባዋ ገና ከብርጭቆዋ ሳትወጣ፣ ምስሉን አጉልቶ መመርመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የሚታዩት የቅጠሎቹ መስመሮች ናቸው፤ ከሌሉ ብርሃኑ ተቀንሶ እንደገና ይነሣል። ቀጥሎ እምብርቷ ይታያል። በሩቅ አንዲት አበባ የምትመስለው አደይ በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ስለሆነች፣ ሥራው የተሳካ እንደሆነ በእምብርቷ ላይ እያንዳንዷ ትንሽ አበባ ተለይታ፣ ጽጌ ብናኟን እንደ ዱቄት በጫፏ ይዛ ትታያለች።