ተጨማሪ መረጃ፦ የጦር ወሬ ከሠርባኩሳ እስከ ቃሊቲ
በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መኮንን የጦርነት ወሬ ለቀድሞ ጓዱ በደብዳቤ ይልክ ነበር። በእኛ አገር ወሬውን የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ መልእክተኛ ወይም ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር ነበር። ግንቦት 1763 ዓ.ም. የትግራይ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል የተሸነፉበትን የሠርባኩሳን ውጊያ ዛሬ በዝርዝር የምናነበው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በስፍራው ስለነበረ ነው። ብሩስ ግን የተጓዘው ከራስ ሚካኤል ሠራዊት ጋር ነበር፤ በጠላት ሰፈር የተወራውን ከእርሱ መጠበቅ ይከብዳል።

በዘመናችን ደግሞ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ታስረው የነበሩት የደርግ መኮንኖች ወሬውን ለመለዋወጥ ደብዳቤ አላስፈለጋቸውም፤ የጥንት ጓዶቻቸው አብረዋቸው ታስረው ነበር። የሞት ፍርዳቸው ግንቦት 2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ፤ መስከረም 2004 ዓ.ም. ተፈቱ። ከዚያ ወሬው መጽሐፍ ሆነ፦ ሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ሌተና ኮሎኔል ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን አሳተሙ። ሁለቱም በዘር ማጥፋት ወንጀል የተፈረደባቸው ባለሥልጣናት ነበሩና ትረካቸው ምስክርነትም መከላከያም ነው፤ ጎን ለጎን ቢነበቡ ይሻላል። ፍቅረ ሥላሴ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አረፉ።