ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በፊት የሚጨመረው ጠብታ



ለእረፍት ጉንደ ወይን በሄድን ጊዜ አንዲት የሰፈራችን እናት ሞራ ሊያስገፈፉ ሄደው ሳይታከሙ መመለሳቸውን ሰማን። ጠብታው አቃጠላቸው፣ ብርሃኑም በረታባቸው። «የቀረችኝንም ልትወስዱብኝ ነው» ብለው ከሰልፍ ወጡ። ምን እንደተደረገላቸው ያስረዳቸው አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ግማሽ ያህሉ ዓይነ ስውርነት የመጣው በሞራ ነው፤ ስለዚህ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም።

ሞራ የሚይዘው ከብሌን ጀርባ ያለውን ሌንስ ነው። ብሌን በብርሃን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለምትሰፋ ሐኪሙ በጠባብ መስኮት ጆንያ እንደሚያወጣ ሰው ይቸገራል። ብሌንን የሚያዙ ሁለት ጡንቻዎች አሉ፤ አንዱ ያጠባል፣ ሌላው ይስባል። ትሮፒካማይድ የሚያጠበውን ያላላል፣ ፌኒሌፍሪን የሚስበውን ያነቃል። ሁለቱ አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው። ሥራቸውን እስኪሠሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እንደኛ ባለ ጥቁር ዓይን ላይ ደግሞ ይዘገያሉ፣ ስለዚህ ይደጋገማሉ። የብርሃኑ መብዛትና ብዥታው በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ፌኒሌፍሪን በተለይ 10 በመቶው የደም ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር።

አንዳንድ ብሌን በጠብታ እምቢ ይላል። በሀገራችን አዛውንቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ችግር አለ፤ በብሌን ጠርዝ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ነገር ይጠራቀማል፣ ብሌኗም በደንብ አትከፈትም። ያኔ ሐኪሙ መድኃኒቱን በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይወጋል፤ ካልሆነም በቀጫጭን መንጠቆዎች ጠርዟን ወጥሮ ይይዛል። ሩሲያዊው ቦሪስ ማሊዩጊን የሠራው ቀለበት ደግሞ አራት ማዕዘን ሆኖ በየማዕዘኑ ጥቅል አለው፤ የብሌኗ ጠርዝ እዚያ ውስጥ ይገባል። መካኒካል የምንማር ሰዎች ሥዕሉን ስናይ ቀናን!

ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስዱ አባቶች ካሉ ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው። መድኃኒቱ የብሌንን ዙሪያ ያልፈሰፍሳል፤ ማቆም ብቻውንም አይበቃም።

ቀጠሮው ረመዷን ላይ ቢውልስ? በሐነፊም በሻፊዒም መዝሀብ የዓይን ጠብታ ጾምን አያበላሽም፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ።

እኒያ እናት ለሚቀጥለው ዙር እንደገና ተመዝግበዋል። አብሯቸው የሚሄደው የልጅ ልጃቸው ጥላ እንዲይዝና ከጠብታው በኋላ እጃቸውን እንዳይለቅ ነግረነዋል።