ግርማን ይዞ ሀይሌ ጋርመንት

ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሀይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀርባ ነው፤ የሽንኩርት ጆንያ የተጫነበት፣ ጎንበስ ያለ ጀርባ። አይሱዙው ኋላውን ወደ ገበያው አዙሮ ይቆማል። ጫኝና አውራጆቹ ተራ በተራ ይጠጉና ትከሻቸውን ይሰጣሉ።

እዚህ ስልኬን ይዤ መመላለስ የጀመርኩት የግርማ በርታን ፎቶዎች ለመኮረጅ ነው። ኩረጃው አያሳፍረኝም። የቅኔ ተማሪም መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ተቀብሎ ያመላልሳል፤ መንገዱን ሲለይ የራሱን ይቆጥራል።

ግርማ እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ የተወለደ፣ ፎቶ ማንሳትን በራሱ የተማረ ባለሙያ ነው። «ሙቪንግ ሻዶውስ» በተሰኘው ሥራው እግረኛውንና የመንገድ ነጋዴውን በአይፎን ያነሳል፤ ከዚያ ሰውየውን ከግርግሩ ነጥሎ፣ ከነጥላው፣ አንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም ለሦስት ፎቶ አንሺዎች ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ሲሰጡ አንዱ እሱ ነበር።

ፎቶው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ስትሞክሩት ግን ብዙ ያስተምራል። ጥላው ረዝሞ መሬት ላይ እንዲተኛ ፀሐይ ዝቅ ማለት አለባት፤ ረፋዱ ሲገፋ ጥላው እግር ሥር ይሰበሰባል። ሰውየው ከኋላው ካለው ሰው ጋር ከተደራረበ ቅርጹ ይጠፋል። እግሮቹ ተራርቀው ካልተያዙ የሚራመድ ሳይሆን የተተከለ ይመስላል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ከማንም መጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝም ያ ሁለት ወር ነው።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ተሸካሚ ጆንያውን ሲቀበል አነሳሁትና ቤት ገብቼ እንደ ግርማ ዙሪያውን አጠፋሁት። መኪናው ሄደ፣ ጭቃው ሄደ፣ ከላይ ጆንያውን የሚያወርደው እጅም ሄደ። የቀረው ሰው ቅርጹ ያምራል፤ ሸክሙ ግን ክብደት የለውም። ክብደቱ ያለው ለካ እዚያ እጅ ላይ ነበር። እጁን መለስኩት፤ ከእጁ ጋር መኪናው መጣ፣ ከመኪናው ጋር ገበያው መጣ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሚካኤል ፀጋዬ ዞርኩ። ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመርቆ፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ካሜራ ያነሳ ሰው ነው። የሚፈርሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ባነሳበት ሥራው ግርማ የሚያጠፋውን ቦታ እሱ ይዞ ያስቀረዋል። የአዲስ ፎቶ ፌስት ፌስቲቫልን እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ደግሞ አጋጣሚ አትጠብቅም፤ ሰውን ቀለም ቀብታ፣ አልብሳ፣ ዳሎል ድረስ ወስዳ ፎቶውን ከባዶ ትገነባዋለች። ከእሷ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምፈልገውን ቀለም አስቀድሞ ማወቅ። አሁን ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበትን ጥግ መርጬ እቆማለሁ።

ከታላላቆች ምን ይወሰዳል ለሚለው ጥያቄ የፈረንሳዩ አንሪ ካርቲየ ብሬሶን ታሪክ ይረዳል። ሥዕል ተማሪ የነበረውን ይህን ሰው ወደ ካሜራ የገፋው ሃንጋሪያዊው ማርቲን ሙንካቺ እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ ያነሳው አንድ ፎቶ ነው፤ ሦስት ልጆች ወደ ሞገድ ሲሮጡ። ካርቲየ ብሬሶን ሞገድ ፍለጋ አልወጣም። ቅጽበትን እንዲህ መያዝ እንደሚቻል አይቶ ፓሪስ ውስጥ ኩሬ ሲዘል የነበረ ሰው አነሳ።

እጁን የመለስኩበትን ፎቶ አሳትሜ ለተሸካሚው ወሰድኩለት። ራሱን ብዙም አላየም፤ ጣቱን ከላይ ባለው እጅ ላይ አሳረፈ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የጓደኛዬ እጅ ነው» አለና ወደ መኪናው ቀና ብሎ ተጣራ።