ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ከአንበሳሜ ወጣ ብላ ያለችውን ማሳቸውን «የታቦቱ ናት» ይሏታል እንጂ «የእኔ ናት» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ግን የሚያርሷት እርሳቸው፣ የሚያጭዷት ልጆቻቸው ነበሩ፤ ጤፏም የሚገባው እኛ ጎተራ ነው። በለውጡ ማኅሌት ይቆማሉ፤ ሲያማቸው ለሌላ ደብተራ ከፍለው ያስቆማሉ። የሰሞን መሬት የሚባለው ይህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አያቴ ከሬዲዮኑ ተነሡና «ቴዎድሮስም ሞክሮት ነበር» ብለው በሬዎቻቸውን ሊያዩ ወጡ።

ነገሩ የገባኝ የታሪክ መምህር ከሆንሁ በኋላ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ። ዓመት ሳይሞላ፣ ከውቅያኖስ ማዶ በሜክሲኮ፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ቤኒቶ ሁዋሬዝ ካህናትና ወታደሮች በፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንደማንኛውም ሰው በመንግሥት ዳኛ ፊት ይቁሙ የሚል ሕግ አወጣ። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። ግን ቴዎድሮስ ገና ካሣ ሲባሉ ፊደል የቆጠሩት ገዳም ነው፤ ወላጆቹን በሕፃንነቱ ያጣው የሳፖቴክ ተወላጅ ሁዋሬዝም የተማረው የካህናት ማሠልጠኛ ገብቶ ነው። ቤተ ክህነትን የተዳፈሩት ቤቱን ከውስጥ የሚያውቁት ናቸው።

ቴዎድሮስን ያስጨነቃቸው ወታደሩ ነበር። ገበሬው ቤት እየተሰራ እንዳይበላ ደመወዝ ሊቆርጡለት ፈለጉ፤ ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? ሰፊው መሬት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ከግብር ነፃ የሆነ ነው። የዘመኑ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው የጎንደር ካህናት ጥያቄው ሲቀርብላቸው፣ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ከአገር አገር እየዞሩ ይብሉ ብለው መለሱ። ንጉሡ ሊያስቀሩት የፈለጉት ግን ይህንኑ ዞሮ መብላት ነበር።

በ1852 ዓ.ም. ገደማ ቆረጡ፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ቄስና ለሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ይቅር፣ የተረፈው ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ ተባለ። አምስት ማለት ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ያወጣው ሰው ሥርዓቱን ጠንቅቆ ያውቃል። ማኅሌቱና የቅኔ ጉባኤው ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም። አያቴ በዚያ ዘመን ቢሆኑ ኖሮ ስድስተኛ ሆነው ከሜዳ በቀሩ ነበር።

ሜክሲኮዎች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1856 የወጣው የገንዘብ ሚኒስትሩ የሌርዶ ሕግ የቤተ ክርስቲያንን ቤትና መሬት ለተከራዮቹ እንዲሸጥ አዘዘ። ዋጋው የሚሰላው የዓመቱን ኪራይ ከመቶ 6 እንደሆነ ቆጥሮ ነው፤ 60 ፔሶ የሚከፍል ሰው በ1,000 ፔሶ ባለቤት ይሆናል። የገዛ ሰው ደግሞ ሕጉ እንዲሻር አይፈልግም። ሦስት ዓመት የርስ በርስ ጦርነት ተከተለ፤ ሁዋሬዝ በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1859፣ ከቬራክሩዝ ሆኖ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሀብት ጨርሶ ወረሰ፤ ጋብቻውንም የመቃብር ቦታውንም በመንግሥት እጅ አደረገ። ነውር አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ያው የሌርዶ ሕግ የአገሬውን ተወላጆች የመንደር የወል መሬትም አስበልቷል።

ቴዎድሮስስ? እኔ እንደሚመስለኝ የተሳሳቱት መሬቱን የካህናት ብቻ አድርገው ማየታቸው ላይ ነው። የደራና የፎገራ ደብተራ ራሱ ገበሬ ነው፤ የገበሬው ወንድም፣ አማች፣ የክርስትና አባት ነው። ከእርሱ የተቀማ መሬት ይሰጥሃል የተባለው ጎረቤት በምን ዓይኑ ቄሱን ያያል? ዐመፁ ሲበረታ ንጉሡ አቡነ ሰላማን መቅደላ አሰሩ፤ አቡኑም እዚያው በ1860 ዓ.ም. አረፉ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠለች፤ የብራና መጻሕፍቷ ወደ መቅደላ ተጋዙ፣ ከዚያም በእንግሊዞች እጅ ለንደን ገቡ። ሁዋሬዝ ፈረንሳዮች ያነገሡትን ማክሲሚልያንን በጥይት ባስደበደበ በአሥረኛው ወር ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

በ1967ቱ አዋጅ የገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲደለድል ያችው ማሳ ተመልሳ ለአያቴ ደረሰች። የድልድሉን ወረቀት ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አኖሩት። «አሁንማ የእርስዎ ሆነች» ብላቸው ተቆጡኝ፤ «የታቦቱ ናት!»