ወደ ላሙ ደሴት በሕዝብ ማመላለሻ

እንደሚታወቀው ከዚህ ተቋም ተመርቀን ስንወጣ ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱ ባሕር ነው። የባሕር ውሃ በጨረቃ ስበት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል ብለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። እኛ ግን አይተነው አናውቅም። ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ አብዛኞቻችንም ከሐይቅ ያለፈ ውሃ ሳናይ ነው ያደግነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን፣ ልጆች አስጠንተን ባጠራቀምናት ገንዘብ፣ በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ላሙ ደሴት ሄደን መጣን። «ያለ አውሮፕላን እንዴት ተደረሰ?» የሚለን ሰው ስለበዛ መንገዱን በዚህ ሰሌዳ ላይ እናብራራ።

መጀመሪያ ወረቀት ነው። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ሲገባ ቪዛ አይጠየቅም፤ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን መያዝ አለበት። ካርዱን ማን ያየዋል ብለን ልንተወው ነበር፤ ኬላው ላይ መጀመሪያ የተጠየቅነው እሱን ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ ያልፋል፤ እኛ ያቤሎ አደርን። ከሞያሌ ወዲያ እስከ ናይሮቢ ደግሞ ያንኑ ያህል ነው። ድሮ ይህ ጠጠር ነበረና መንገደኛ ጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ ቀናት ይፈጅበት ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ስለሆነ አውቶቡስ ሌሊቱን ይጓዛል፤ የአልጋ ሒሳብም ይተርፋል። ታዲያ ጋቢ ያዙ! ኬንያ ሁሉ ሙቀት መስሎን ማርሳቢት ተራራ ላይ ስንንቀጠቀጥ አነጋን። ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር እንጀራም አማርኛም ስለማይጠፋ ስለዚያ አናበዛም። ከዚያ ሞምባሳ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጉድ የሆነው ሞምባሳ ላይ ነው። የላሙን ትኬት ስንቆርጥ ወረቀቱ 7:00 ይላል። ሰባት ሰዓት ከሆነማ ምሳ በልተን እንደርሳለን አልን። ስንደርስ አውቶቡሱ ጠዋት ሄዷል። ገንዘባችን አልተመለሰም፤ አንድ ሌሊትም ተጨመረብን። የሚያናድደው ግን ትኬት ሻጯ «ሳ ሞጃ» ብላ ነግራን ነበር። ሳ ማለት ሰዓት፣ ሞጃ ማለት አንድ ነው። ስዋሂሊኛ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ስለምትወጣ ቀኑን ከዚያ መቁጠር ይመቻል። የሚጻፈው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንግዲህ ኬንያ ውስጥ የሰማችሁትን ሰዓት እንዳለ ውሰዱት፤ ያነበባችሁትን የጠዋት ሰዓት ስድስት ቀንሱለት።

ከሞምባሳ በማሊንዲና በጋርሰን አድርጎ ሞኮዌ የሚባል የጀልባ ማቆሚያ ድረስ ያለው መንገድ ፍተሻ ይበዛበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ምፔኬቶኒ በተባለው ከተማ ታጣቂዎች ብዙ ሰው ገድለዋል፤ ከዚያም ወዲህ አካባቢው ሥጋት አላጣውም። ስለሆነም የዕለቱን ሁኔታ ሳትጠይቁ አትሳፈሩ፣ በሌሊትም አትሂዱ። ቤተ ሰቦቻችን ይህን ቀድመው ቢሰሙ ኖሮ የሚለቁን አይመስለንም።

ከሞኮዌ ፈጣን ጀልባ አለ፤ ውድ ነው። ሰው እስኪሞላ የሚጠብቀው የሕዝቡ ጀልባ ርካሽ ነው። እኛ ከሽንኩርት ጆንያና ከዶሮ ጋር ተሳፍረን ግማሽ ሰዓት ገደማ ሄድን። ከመካከላችን አንዱ እጁን ነክሮ ቀመሰና «እውነትም ጨው ነው እንዴ!» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብን።

ላሙ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 2 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። አሮጌው ከተማ ከባሕር ድንጋይ የተሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና አይገባም፤ ሁሉን የሚሸከመው አህያ ነው። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ስለሆነ አለባበስ ይጠነቀቋል። ሦስት ሆነን አንድ ክፍል ያዝን፤ ባቄላና ቻፓቲ በላን። ስኳር ሱካሪ፣ ሳሙና ሳቡኒ ስለሚባል ሱቅ ውስጥ አልተቸገርንም። አጎበር ያለው ክፍል ምረጡ፣ ወባ አለ።

ሼላ የተባለው የአሸዋ ዳርቻ ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት በባሕሩ ጠርዝ በደረቅ መሬት ሄድን። ስንመለስ መንገዱ የለም! ውሃው ግንቡን እየመታ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ በምልክት ከላይ በቤቶቹ መካከል እንድንዞር ባያሳዩን ኖሮ ጫማችንን ብቻ ሳይሆን ቦርሳችንንም በበላው ነበር። ይህን ነገር እኮ ስምንተኛ ክፍል ሸምድደን ፈተና አልፈንበታል።

በማግሥቱ ውሃው ሲሞላ የሚደርስበትን ግንብ በጠመኔ ምልክት አድርገን ሰዓቱን መዘገብን። በአራቱ ቀን ሁሉ ሙላቱ በየዕለቱ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ መጣ። ምድር አንድ ዙር ስትዞር ጨረቃም በራሷ መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፤ እሷን ለመድረስ ምድር ያን ያህል ደቂቃ ትጨምራለች። የመዘገብንበትን ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፈነዋል። የሦስተኛው ቀን ሰዓት የደበዘዘው የባሕር ውሃ ነክቶት ነው።